ግድቡ ሲወደድ ልዩነቱን ማን ይክፈል?

ለአንድ አካባቢ በሚሠራ ግድብ ላይ መንግሥት ገንዘብ ያውጣ ወይስ አያውጣ? ክርክሩ በየአገሩ ይነሳል። እኔን ግን ብዙም አይስበኝም፤ ማውጣቱ አይቀርማ። ግድብ ውድ ነው። ገቢው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ባንክ ደግሞ የመጪውን ዓመት ዝናብ በመያዣነት አይቀበልም። ገበሬዎች ወይም አንዲት ትንሽ ከተማ ብቻቸውን የሚወጡት ዳገት አይደለም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሥራው ከተገመተው በላይ ሲወደድ ልዩነቱን ማን እንደሚከፍል ከመጀመሪያው ተጽፏል ወይ? ከተጻፈስ፣ ከፋዩ ሕዝብ አንብቦታል?

የኒውዚላንዱን የዋይሜአ ግድብ እንይ። በደቡብ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ያለው የዋይሜአ ሜዳ ፖም፣ ወይንና አትክልት ይመረትበታል። በጋ ሲገባ ወንዙ ይቀንሳል። ገበሬውም ከተማውም የሚጠጡት ከዚያው ነው። የታስማን አውራጃ ምክር ቤትና የመስኖ ተጠቃሚዎች ያቋቋሙት ኩባንያ ተጣመሩና ሊ በሚባል ወንዝ ላይ 53 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 13 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ የሚይዝ ግድብ ለመሥራት ተስማሙ። ማዕከላዊው መንግሥትም በብድርና በድጎማ ገባበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራው ሲጸድቅ የተያዘለት ወጪ ወደ 104 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ነበር። ሲያልቅ 200 ሚሊዮን ገደማ ሆነ።

ወጪ መናሩ ብቻውን ዜና አይደለም። ግድብ ላይ የተለመደ ነው። ዋናው ጉዳይ ውሉ ውስጥ ነው ያለው። ከበጀት በላይ ከሚመጣው ወጪ የመጀመሪያውን 3 ሚሊዮን ዶላር ሁለቱ ወገኖች እኩል ይካፈላሉ። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በምክር ቤቱ ላይ ያርፋል። ምክር ቤት ማለት ደግሞ የቤት ግብር የሚከፍለው ሰው ነው፤ አንድም የፖም ዛፍ የሌለው ጡረተኛ ጭምር። ማጣፊያው ሲያጥር ማን ምን ያህል ይጨምር በሚል ረጅም ድርድር ተገባ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ግን የሚደራደሩት በተሠራ ግድብ ላይ ነው። የመደራደር ጉልበት ያኔ የለም።

ግድቡ አያስፈልግም ነበር እያልኩ አይደለም። በ2019 መጀመሪያ ላይ አካባቢው በድርቅ ተመቶ ውሃ በከባድ እገዳ ነበር የሚታደለው። ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። ነገር ግን ያልታወቀው ወጪ በሙሉ በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ሲጫን፣ ሌላው ወገን «ቀስ በሉ፣ መሬቱ ይጠና» የሚልበት ምክንያት አይኖረውም። በሰው ገንዘብ መቸኮል ቀላል ነው።

መሬቱን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ዋይሜአ ላይ ወጪውን ካናሩት ነገሮች አንዱ ድንጋዩ ነው። ከቦታው ተቆፍሮ ለግድቡ ይሆናል የተባለው ድንጋይ በጥራት አልበቃም፤ ከሌላ ቦታ እየተጫነ መምጣት ነበረበት። ይህ ዓይነቱ ጣጣ በብዙ አገር ያለ ነው። ለጥናት የሚወጣ ገንዘብ እንደ ብክነት ይታያል። ጉድጓድ እየቆፈሩ አለት ማየት ለዜና አይመችም፤ ሪባን የሚቆረጥበትም የለም። እኔ ብጠየቅ የመንግሥት ገንዘብ መጀመሪያ መሄድ ያለበት እዚያ ነው እላለሁ። ጥናቱ «እዚህ አትሥሩ» ብሎ ቢያልቅ እንኳ ገንዘቡ አልባከነም። ግለሰብ ወይም ማኅበር ግን እንዲህ ላለ መልስ ብሎ ገንዘቡን አያወጣም።

ሁለተኛው፣ ማንም የማይከፍልለት ነገር ደለል ነው። በ2023 የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ150 አገሮች ያሉ ከ47 ሺህ በላይ ትላልቅ ግድቦችን ተመልክቶ፣ በ2050 ሲሠሩ ከነበራቸው የመያዝ አቅም ሩቡን ያህል ለደለል እንደሚያስረክቡ ገምቷል። አፈሩ የሚመጣው ከላይ፣ ከተራቆተው ተዳፋት ነው። እዚያ ያለው ገበሬ እርከን ቢሠራና ዛፍ ቢተክል ውሃውን የሚያገኘው ታች ያለው ነው። ታዲያ ለምን ይልፋ? ክፍያ ከሌለው አይለፋም፤ እኔም ብሆን አልለፋም። የሕዝብ ገንዘብ ተገቢ ቦታው ይህ ነበር። በጀት ሲያዝ ግን ግድቡ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ተዳፋቱ በሌላ ይያዛል፤ መጀመሪያ የሚቆረጠውም የተዳፋቱ ነው።

ውሃ ማጠራቀም ሲባል ሁልጊዜ ግድብ መታሰብም የለበትም። ብራዚል በደረቁ ሰሜን ምሥራቋ ከ2003 ጀምሮ ከቤት ጣሪያ የዝናብ ውሃ የሚሰበስቡ፣ እያንዳንዳቸው 16 ሺህ ሊትር የሚይዙ የሲሚንቶ ማጠራቀሚያዎችን አሠርታለች። ቁጥራቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኗል። የፖም እርሻ አያጠጡም፤ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ናቸው። ግን አንዱ ቢሰነጠቅ የሚቸገረው አንድ ቤት ነው። የበጀት ቀዳዳውም ያው አንድ ቤት ያህል ነው።

ወደ ትልቁ ግድብ ልመለስና፣ ከሰማኋቸው ሁሉ የተሻለ የመሰለኝ ሕግ የካሊፎርኒያው ነው። በ2014 መራጮች የ7.5 ቢሊዮን ዶላር የውሃ ቦንድ አጸደቁ። ከዚህ ውስጥ 2.7 ቢሊዮኑ ለማጠራቀሚያ ነው። ሕጉ ታዲያ ገንዘቡን እንዲሁ አልበተነውም። ይህ ገንዘብ የሚከፍለው ሁሉም ሰው ለሚጋራው ጥቅም ብቻ ነው አለ፤ ለወንዙና ለዓሣው፣ ለጎርፍ መከላከያ፣ ለውሃ ጥራት፣ ለድንገተኛ አደጋ፣ ለመዝናኛ። ለመስኖና ለቧንቧ የሚሄደውን ውሃ ተጠቃሚው ራሱ ይክፈል። በአብዛኛው ፕሮጀክት ላይ የቦንዱ ድርሻ ከጠቅላላው ወጪ ግማሹን ማለፍ አይችልም።

ተቺዎች «ይኸው አሥር ዓመት አለፈ፣ ትልልቆቹ ግድቦች የታሉ?» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ነገሩ ዘግይቷል። ከፍተኛ ገንዘብ ከተፈቀደላቸው አንዱ ነባሩን የሎስ ቫኬሮስ ግድብ ከፍ የማድረግ ሥራ ነበር። 477 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተመድቦለታል። ወጪው እየናረ ሲሄድ በ2024 መጨረሻ የግድቡ ባለቤት የሆነው የኮንትራ ኮስታ የውሃ ድርጅት በቃኝ ብሎ ወጣ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውድቀት ነው የጻፈው። ለእኔ ግን ሕጉ የሠራው ያን ቀን ነው። ድርጅቱ ከኪሱ የሚያወጣው ድርሻ ስለነበረው ሂሳቡን ደጋግሞ ሠራ፤ አላዋጣውም። የወጣውም የማስፋፊያው ግንባታ ሳይጀመር ነው። የዋይሜአ ግብር ከፋይ ይህ ዕድል አልነበረውም።