እንጀራው የሚደርቀው በጤፉ አይደለም
«በላውንጅ (በእንግዶች ማረፊያ) ቡፌ እንጀራው የሚደርቀው ጤፉ ስለተቀላቀለ ነው» የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ ሐሳቡ ግን አያሳምንም። ንጹህ የጤፍ እንጀራም ተጠቅልሎ፣ በትንንሹ ተቆርጦ ክዳን በሌለው ትሪ ላይ ከተደረደረ ጠርዙ ቶሎ ይደርቃል፤ ከሥሩ ሙቀት ካለማ ይሰነጣጠቃል። ጨርቅ ለብሶ መሶብ ውስጥ ይቀመጥ፣ ጥቂት ጥቂት ይውጣ። ሙቀት የሚያስፈልገው ወጡ ነው፤ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መውረድ የለበትም። ሽሮ እሳት ላይ ሲቆይ ስለሚወፍር ፍል ውኃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ይበቃል። ጥብስ ግን ከቆየ ይጠነክራል፣ መፍትሔ የለውም፤ በትንሽ በትንሹ እየጠበሱ ማቅረብ ብቻ ነው። በቡፌው ስለ ጾም ምግብ ለሚጠይቁ ደግሞ፦ ረቡዕና ዓርብ ምስሩም ጎመኑም ቢኖር፣ የሥጋ ወጡ ጭልፋ እነሱ ውስጥ ከገባ ለጿሚው ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ የጾሙ ለብቻው ጠረጴዛ፣ የራሱ ጭልፋ ይኑረው።