ማን ገፋህ?

ፕሮሞሽን የትውልድ አገሩ ላቲን ነው፤ «ፕሮ» ወደፊት፣ «ሞቬሬ» ማንቀሳቀስ። ሞተርና ሞባይልም ከዚሁ «ሞቬሬ» የወጡ የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። ግሱ ግን ገፊና ተገፊ ይፈልጋል። አማርኛችን ይሉኝታ ስለሚያውቅ «እድገት» ብሎ ገፊውን ከዓረፍተ ነገሩ አስወጣው። «አደገ» ሲባል ሰውዬው እንደ ሕፃን በራሱ የረዘመ ይመስላል፤ ማን እንደገፋው አብጠርጥሮ የሚያውቀው ወንበሯን ሲጠብቅ የከረመው ባልደረባው ነው።

እንግሊዝኛ ቃሉን በፈረንሳይኛ በኩል ሲቀበለው የማዕረግ ጉዳይ ነበር። ወደ ሸቀጥ የወረደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካዊው የገበያ ጥናት መምህር ጀሮም ማካርቲ ከምርት፣ ከዋጋና ከቦታ ጋር ከገበያ አራት ምሰሶዎች አንዱ አደረገው። ጀርመን «ፕሮሞሽኔን ጨረስኩ» ካለ ዶክተር ሆኗል፤ ፈረንሳዊ ሱቅ ላይ ካነበበው ዋጋ ወርዷል። ሰው ሲያገኘው ዋጋው ይወጣል፣ ዕቃ ሲያገኘው ይወርዳል።

ሐቀኛው ፕሮሞሽን ያለው ቼዝ ላይ ነው። ወታደሩ ስምንተኛው ረድፍ እንደደረሰ፣ እዚያው፣ ንግሥት፣ ግንብ፣ ጳጳስ ወይም ፈረስ ይሆናል። ወታደር ሆኖ መቅረት ክልክል ነው፤ ንጉሥ መሆንማ አይታሰብም (የአለቃ ወንበር እዚያም አይነካም)። አንዳንዴ ብልህ ተጫዋች ንግሥትን ትቶ ፈረስ ይመርጣል፤ የፈረስን ዝላይ ንግሥት አትችለውምና። ደግሞ ሥልጣኑ ከሹመቱ ጋር አብሮ ይመጣል፣ «ደመወዙ እየታየ ነው» የሚል የለም።

መሥሪያ ቤት ግን መጀመሪያ የሚመጣው «እንኳን ደስ አለህ» ነው። ደብዳቤው ላይ ሦስት ነገር ይፈለግ፦ አዲሱ ደመወዝ፣ የሚጸናበት ቀን፣ የድሮውን ሥራ የሚረከበው ሰው። የመጀመሪያው ከጎደለ የተጨመረው ስም ብቻ ነው። ሁለተኛው ከጎደለ «ተጠባባቂ» ሆኖ መክረም ይመጣል። ሦስተኛው ሲጎድል ደግሞ ተሿሚው ቀን አለቃ፣ ማታ የራሱ ምክትል ሆኖ ያመሻል። ብዙዎች ፈርመው የሚወጡት ሦስተኛውን ሳያዩ ነው።

የሱቁ ሒሳብም ጣት ያስቆጥራል። 100 የነበረው 150 ተብሎ 30 በመቶ ቢቀነስለት 105 ነው፤ ገዢው 45 አተረፍኩ ብሎ 5 ጨምሮ ይወጣል። «50 በመቶ፣ በዚያ ላይ 20» ማለት 60 እንጂ 70 አይደለም፤ ሁለተኛው ቅናሽ የሚቆረጠው ከቀረው ላይ ነው። «ሁለት ሲገዙ አንድ በነፃ» ደግሞ 33 በመቶ ገደማ ነው፣ ያውም ሦስቱም የሚፈለጉ ከሆነ።

ገፊው ራሱ ሒሳቡን የሳተበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የእንግሊዙ አቧራ መምጠጫ አምራች ሁቨር የ100 ፓውንድ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ሁለት የአሜሪካ ደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት አለ። ሕዝቡ ትኬቱ ከዕቃው እንደሚበልጥ ለማስላት ምሁር አላስፈለገውም፤ አቧራ መምጠጫውን ለትኬቱ ሲል ገዛ። ኩባንያው 50 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ወጣበት። ሦስት ኃላፊዎችም ተገፉ፤ በበሩ በኩል።