ክርክር፦ የአውስቢልዱንግ ፈቃድን ልጁ ራሱ ይጨርስ ወይስ ኤጀንሲ ይያዝለት?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለጀርመን አውስቢልዱንግ የሚዘጋጁ ወጣቶች አሉ። አውስቢልዱንግ ድርጅት ውስጥ እየሠሩ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን የሙያ ትምህርት ቤት እየገቡ የሚወስዱት፣ ወርኃዊ ክፍያ ያለው ሥልጠና ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር የሚሄድ ሠልጣኝ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያንን ፈቃድ ልጁ ራሱ ይከታተል ወይስ ሰው ወደ ውጭ አገር ሥራ የሚልክ የግል ኤጀንሲ በሚለው ላይ ሁለት የሰፈሩ ነዋሪዎች በጽሑፍ ተከራክረዋል። አንደኛዋ ጀርመንኛ ታስተምራለች፤ ሌላው በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብየዳ ያሠለጥናሉ።

መምህርቷ፦

ልጁ ራሱ ይጨርሰው ባይ ነኝ። ምክንያቴን ለመረዳት መጀመሪያ ፈቃዱ የት እንደሚሰጥ ማወቅ ይበቃል።

አዲስ አበባ ተቀምጦ የጀርመን የሥራ ፈቃድ የሚያወጣ ደላላ የለም። ፈቃዱም ለብቻው የሚገዛ ወረቀት አይደለም፤ ከቪዛው ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። ልጁ የሥልጠና ውሉን ይዞ ለኤምባሲው ያመለክታል። ፋይሉ ልጁ ወደሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ይላካል። ቢሮው ደግሞ የጀርመንን የፌዴራል ሥራ ኤጀንሲ ስምምነት ይጠይቃል። ኤጀንሲው የሚመረምረው ክፍያውና የሥራ ሁኔታው እዚያው አገር ላለ ሠልጣኝ ከሚሰጠው እንዳያንስ ነው። ቀድሞ «ለቦታው ቅድሚያ የሚገባው የአገሬው ሰው አለ ወይ» የሚል ማጣሪያ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ጀምሮ ለአውስቢልዱንግ ቀርቷል። እንግዲህ ሳሪስ ወይም ቃሊቲ ቢሮ የከፈተ ሰው በዚህ ሁሉ መሐል የሚገባው የቱ ጋ ነው?

«ፈጣን ፕሮሰስ አለን» የሚሉም አሉ። ሕጉ የሚያውቀው ፈጣን መንገድ አንድ ነው። አሠሪው ከልጁ ውክልና ተቀብሎ እዚያው ጀርመን ለውጭ ዜጎች ቢሮ ያመለክታል፤ ክፍያው 411 ዩሮ ነው። ይህን የሚጀምረው አሠሪው ስለሆነ እዚህ ያለ ሰው ለማፋጠን የሚያደርገው ነገር የለም።

ወጪውንም ላስረዳ። የቪዛው ክፍያ 75 ዩሮ ነው። የሥልጠና ቦታ በፌዴራል ሥራ ኤጀንሲው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይፈለጋል። የጀርመን ሕግ የሥልጠና ቦታ የሚያገናኝ ድርጅት ክፍያ መቀበል የሚችለው ከአሠሪው ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። በንግድና በዕደ ጥበብ ሙያዎች ሠልጣኙን «ስላሠለጠንኩህ ክፈል» የሚል ውልም በሕግ ዋጋ የለውም። ታዲያ የእኛ ወላጆች የሚከፍሉት ለምኑ ነው?

አንዲት የሰፈሬ እናት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛ መጥታ ነበር። «የልጄ ወርክ ፐርሚት ነው» አለችኝ። የዕቁቧን ብር በሙሉ አውጥታበታለች። አነበብኩት፤ የጀርመንኛ ኮርስ ምዝገባ ማረጋገጫ ነው። ልጇ ገና ኤ አንድ በሚባለው የጀማሪ ደረጃ ላይ ስለነበር አንብቦ ሊነግራት አልቻለም። ያን ቀን ምን ብዬ እንደማስረዳት ጨነቀኝ።

ስለዚህ ቋንቋው ይቅደም እላለሁ። ለአውስቢልዱንግ ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ ቢ አንድ የሚባለው መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ይጠየቃል። የጀርመን የባህልና የቋንቋ ተቋም የሆነው ጎተ የሚሰጠው የቢ አንድ ፈተና ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍና መናገር የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ከ100 ቢያንስ 60 ማምጣት ያስፈልጋል፤ የወደቁበትን ክፍል ብቻ መድገምም ይቻላል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ልጅ ለአሠሪው ኢሜይል ይጽፋል፣ ውሉን ያነባል፣ የኤምባሲውን ፎርም ይሞላል። ይህን ማድረግ ያልቻለ ልጅ ኤጀንሲ ቢይዝለትም እዚያ ሄዶ የሙያ ትምህርት ቤቱን አይዘልቀውም።

አሠልጣኙ፦

እህቴ፣ ስለ ፈቃዱ አካሄድ ያልሽውን አልቃወምም። የዚያችን እናት ታሪክ የመሰለ እኔም በየጊዜው እሰማለሁ። ልዩነታችን ሌላ ቦታ ነው። አንቺ ደላላውንና ኤጀንሲውን አንድ ላይ ደምረሻቸዋል። ደላላው ቢሮውን ዘግቶ ሲሄድ የሚጠየቅበት ቦታ የለም። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ግን ዋስትና አስይዟል፣ ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል፣ ክስ ሊመሠረትበት ይችላል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የወጣው ይህንን ተጠያቂነት ለማምጣት ነው። አዋጁ ሲወጣ የቪዛውን፣ የጉዞውን፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃዱን ክፍያ አሠሪው እንዲሸፍን ደንግጓል። እኔ የምጠይቀው ወደ ጀርመን የሚሄደው ሠልጣኝም በዚያ ዓይነት ጥላ ሥር እንዲገባ ነው።

ቢ አንድ ውል ለማንበብ ይበቃል ብለሻል። ስለ ቤተሰብና ስለ ጉዞ ለመጻፍ ይበቃል። ውል ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ያሠለጠንኩት አንድ ጎበዝ ብየዳ ሠራተኛ አለ። ቋንቋውን አጥንቶ፣ ውሉን አንብቦ፣ ራሱ አመልክቶ ሄደ። ውሉ ላይ ያለው ክፍያ ትክክለኛ ነው። አሠሪው ግን የሚያድርበትን ክፍል ራሱ ያከራየዋል፤ የክፍሉ ኪራይ በሌላ ወረቀት ላይ ነው የተጻፈው። ኪራዩና የጤና መድኑ ከተቆረጠ በኋላ የሚተርፈው ለምግብ አይበቃም። በስልክ ሲያወራኝ የሚያፍር ይመስል ነበር። ልጁ የተጻፈለትን ማንበብ ሳይሆን ያልተጻፈውን መጠየቅ ነው ያቃተው። ልምድ ያለው ሰው «ኪራዩ ስንት ነው፣ ከደመወዝ ላይ ነው ወይ የሚቆረጠው» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅለት ነበር።

የክፍያውንም ነገር በቁጥር እንየው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሥልጠና ለጀመረ ሰው የጀርመን ሕግ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በመጀመሪያው ዓመት 682 ዩሮ ነው፤ በሁለተኛው 805፣ በሦስተኛው 921 ይደርሳል። ነርሲንግና ትልልቅ ድርጅቶች ከዚህ በጣም የተሻለ ይከፍላሉ፤ ትንሽ ወርክሾፕ ግን ዝቅተኛውን ሊከፍል ይችላል። ያ ገንዘብ ለቪዛው ከሚጠየቀው የመኖሪያ ወጪ ያንሳል። ልዩነቱን በብሎክ አካውንት፣ ማለትም ገንዘቡ ተቀምጦ በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ ማሳየት ወይም አሠሪው ቤት እንደሚሰጥ ማስረዳት ያስፈልጋል። ይህን ያላሟላ ፋይል ሪጀክት ይሆናል።

ሪጀክት ከሆነስ? ቀድሞ ልጁ ለኤምባሲው በነፃ የቅሬታ ደብዳቤ ይጽፍና እንደገና ይታይለት ነበር። ያ አሠራር እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን የቀረው እንደገና ማመልከት ወይም በርሊን በሚገኘው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። የቱሉ ዲምቱ ልጅ በርሊን ላይ ጠበቃ ያቆማል? የመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ የምትፈጠር ትንሽ ስሕተት ዛሬ ዋጋዋ ከድሮው በጣም ከፍ ብሏል። ይህን እያወቅን «ብቻህን ተወጣው» ማለት ይከብደኛል።

መምህርቷ፦

ጋሼ፣ የቅሬታው አሠራር መቅረቱ እኔንም ያሳስበኛል። ግን ከዚያ ተነሥቼ የምደርሰው የእርስዎ መደምደሚያ ላይ አይደለም። ማመልከቻው ላይ ያለውን እያንዳንዱን መስመር ልጁ ራሱ ማወቅ አለበት። ኤጀንሲ የሞላው ፎርም ላይ የተሳሳተ መረጃ ቢገኝ ኤምባሲው የሚጠይቀው ልጁን ነው፤ ፊርማው የእሱ ነውና። ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ «ለምን ይህን ሙያ መረጥክ፣ ድርጅቱን እንዴት አገኘኸው» ሲባል የሚመልሰውም እሱ ነው። ሌላ ሰው የጻፈለትን የማመልከቻ ደብዳቤ በቃሉ ሸምድዶ የሚሄድ ልጅ አይቻለሁ፤ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል።

ስለዚያ ብየዳ ሠራተኛ ያሉት ልቤን ነክቶታል። ነገር ግን ኤጀንሲ ቢኖር ኖሮ ይጠይቅለት ነበር የሚለው ግምት ነው። አብዛኞቹ ኤጀንሲዎቻችን የተደራጁት ወደ ዓረብ አገሮች ለሚደረግ ስምሪት ነው። ከመካከላቸው የጀርመንኛ ውል ማንበብ የሚችል ሠራተኛ ያለው የትኛው ነው? ለዚያ ልጅ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነበር። በጀርመን የንግድና የዕደ ጥበብ ምክር ቤቶች የሥልጠና አማካሪ አላቸው፤ ሥራቸው ሠልጣኝና አሠሪ ሲጋጩ ሁለቱንም ማነጋገር ነው። ውሉም እዚያው ይመዘገባል። ይህን ቢያውቅ ደውሎ ይነግራቸው ነበር።

ደግሞ አስቡት፤ የሙከራ ጊዜ አለ፣ በእነዚህ ሙያዎች ከአንድ እስከ አራት ወር። በዚያ ጊዜ አሠሪውም ሠልጣኙም ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማፍረስ ይችላሉ። ቢፈርስ ሕጉ ልጁን በማግሥቱ ወደ አገሩ አይሰድደውም፤ በእሱ ጥፋት ካልሆነ ፈቃዱ ከመሰረዙ በፊት ሌላ የሥልጠና ቦታ እንዲፈልግ እስከ ስድስት ወር ይሰጠዋል። ያን ጊዜ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ቢሮ የሚሄደው ማን ነው? ኤጀንሲው ሒሳቡን ዘግቶ ከጨረሰ ቆይቷል። ከዚህ ሆኖ ራሱን የለመደ ልጅ ግን እዚያም ይንቀሳቀሳል።

አሠልጣኙ፦

«ይህን ቢያውቅ» አልሽ። ማን ይንገረው? አንቺ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ይሰማል። አንቺ ቅጹን አብረሽ ታይላቸዋለሽ፣ ውላቸውን ታነቢላቸዋለሽ፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይኸውልሽ፣ «ራሱ ጨረሰ» የምትይው ልጅ እኮ አንቺ ነበርሽ ከጎኑ። ገላን ወይም ኮዬ ፈጬ ያለው፣ አስተማሪ የሌለው፣ በስልኩ ብቻ የሚያጠናው ልጅ ማን አለው? ለእሱ ያለው ምርጫ ኤጀንሲና ደላላ ነው፤ ኤጀንሲውን ከከለከልነው ደላላው ጋ ይሄዳል።

መንግሥትም እጁን ያስገባ እላለሁ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ከጀርመን ጋር የፍልሰትና የሥራ ስምሪት ስምምነት ተፈራርማለች፤ ሠልጣኞችንም ይመለከታል። እንዲህ ያለ መንገድ ሲኖር ልጁ ብቻውን ቢሮ ለቢሮ አይንከራተትም። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ለዚህ የሚሆን አሠራር ዘርግቶ፣ የቴክኒክ ኮሌጆችን አስገብቶ ቢሠራ የኔ ሠልጣኞች ግማሽ ችግራቸው ይቀልላቸዋል።

መምህርቷ፦

ኮሌጅ ይግባበት ካሉ እስማማለሁ። በየኮሌጁ ውል የሚያነብ፣ ስለ ኪራዩ የሚያስጠይቅ፣ ስለ ምክር ቤቱ አማካሪ የሚናገር አንድ ሰው ይቀመጥ። በነፃ። እኔ የምቃወመው በዚህ መንገድ ላይ ገንዘብ ተቀባይ እንዲቆም ነው። ከወላጅ የሚቀበል ሰው ልጁን «አልደረስክም፣ ሌላ ስድስት ወር ተማር» ሊለው አይችልም፤ ገቢው ይቀርበታልና። እኔ ግን ለተማሪዎቼ በየጊዜው የምለው ይህንኑ ነው፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፤ ከዚያ ተመልሶ ያጠናል።

አሠልጣኙ፦

ያ ነፃ ሰው በየኮሌጁ እስኪቀመጥ ድረስስ? ውል የያዙ ልጆች አሁን አሉ። ሥልጠናው ብዙውን ጊዜ በኦገስት ወይም በሴፕቴምበር ይጀምራል፤ አሠሪው እስከ ጥምቀት አይጠብቃቸውም።

መምህርቷ፦

ውላቸውን ይዘው ቅዳሜ ከሰዓት ወደ እኔ ይምጡ። የኪራይ ወረቀትም ካለ አብረው ያምጡ። እርስዎም ይምጡ፤ ስለ ብየዳ ወርክሾፕ ምን መጠየቅ እንዳለበት ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

አሠልጣኙ፦

እመጣለሁ። ያንን ልጅም በስልክ እናገኘዋለን፤ እሱ ከፈረመ በኋላ ያወቀውን ሳይፈርሙ ይስሙት። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ አያስፈልግም በሚለው ግን አሁንም አልተስማማሁም።