ከኑግ የተገኘች ፍሬ

ወሎ እንግዳ ሲመጣ «የማን ነህ? ከየት ነህ?» ብሎ አይመረምርም። መጀመሪያ ቡና ይፈላል፤ ጥያቄው የሚደርሰው በረካ ካለፈ በኋላ ነው፣ ያኔም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ደሴ ውስጥ የአንድ ሰው አባት ሼህ፣ አጎቱ መሪጌታ ሆነው ቢገኙ የሚደነቅ የሌላ ሀገር ሰው ብቻ ነው። ይህ ገራገርነት ግን ለሰው እንጂ ለእህል እንደማይሠራ ሰሞኑን አየሁ። ከማሽላ ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ፍሬ ሰፈራችን ፊት ቀርባ እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረባት።

ተከሳሿ ሄምፕ ትባላለች። ካናዳ የምትኖረው የጎረቤታችን ልጅ በቡና ሰዓት በቪዲዮ ደውላ ነበር። እናቷ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈውት ሁላችንም በየተራ ሰላም አልን። እሷ ጋ ገና ጠዋት ነውና ቁርሷን እየበላች ነው፤ የአጃ ገንፎዋ ላይ ነጣ ብሎ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነገር በማንኪያ ትነሰንሳለች።

«ምንድን ነው እሱ? ሰሊጥ ነው?» አሉ እናት።

«ሄምፕ ነው እማዬ፤ ለጤና ጥሩ ነው።»

ይሄኔ ጥግ ይዞ ስልኩን ሲነካካ የነበረ ጎረምሳ ቃሉን ፈልጎ አገኘና «የሀሺሽ ተክል ፍሬ ነው!» ብሎ አበሰረ።

ጀበናው የሚያየው አጥቶ ገነፈለ። እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። አንዲት ጎረቤት «ድሮም ከስታለች ብዬሽ ነበር» አሉ፤ ባለፈው ሲደወል «ወፈረች» ያሉት እሳቸው ናቸው። ከሁሉም የመረራቸው ግን ከጥግ የተቀመጡት አዛውንት ነበሩ። «ያረቢ! በማለዳ ዕፅ!» አሉ። ይህን ሲሉ ግራ ጉንጫቸው በጫት ተወጥሮ እንቁላል የጎረሱ ይመስል ነበር። ከከንፈራቸው ጠርዝ የወረደውን አረንጓዴ በመሐረብ ጠረግ አደረጉና ስለ አደንዛዥ ነገር ጉዳት ረዘም ያለ ምክር ሰጡ። ምክሩ ምርቃናው ሲጀምር ጀምሮ ምርቃናው ሲበርድ አለቀ። አጠገባቸው፣ የጌሾ ወቀጣቸውን አቋርጠው የመጡት ሴትዮ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የተባለው እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቷ ነው። የሚያሰክረው ነገር ያለው በተክሉ አበባና በአበባው ዙሪያ ባሉ ቅጠሎች ሙጫ ላይ ነው። ፍሬዋ ራሷ አታመርተውም፤ ቢገኝባትም ሙጫው ነክቷት የቀረ ርዝራዥ ነው። ለምግብ የሚዘራው ዝርያም ያ ነገር እጅግ ያነሰበት ነው። አደንዛዥ ዕፆችን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ1961 የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እንኳን ካናቢስን፣ ማለትም የሀሺሹን ዕፅ፣ ሲበይን ከአበባው የተለየችውን ፍሬ ከክሱ አውጥቷታል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበሬዎቿ ፈቀደች፤ አሜሪካ እስከ 2018 አመነታች። እኛ ጋ ተክሉን ማልማት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ደላንታ ላይ መሬት ያለው ዘመድ ያለህ አንባቢ ሐሳቡን ከአሁኑ ተወው።

የወገቧን ጥንካሬ ለሚጠይቅ፣ ተፈልፍላ ስትመዘን ከክብደቷ ሲሶ ገደማው ፕሮቲን፣ ግማሽ ገደማው ቅባት ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያዋ፣ 30 ግራም ያህል፣ ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ይሰጣል። ማግኒዢየም አላት፤ ኦሜጋ 3 የሚባለው የቅባት ዓይነትም አላት። ጣዕሟ ለውዝ ለውዝ ይላል። ገንፎ ላይ ትነሰነሳለች፣ ከዳቦ ሊጥ ጋር ትቦካለች። ዘይቷ ግን እሳት አይወድም፤ ለሰላጣ እንጂ ለመጥበሻ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ልጅቷ ተናግራ ማንም አልሰማትም። ክሱን ያፈረሰው ሌላ ነገር ነው። «ወተትም አወጣባታለሁ» አለች። ፍሬዋን ከውሃ ጋር ትፈጫለች፣ በጨርቅ ትጠልላለች፣ ነጭ ውሃ ይወጣል፣ ይጠጣል። እናት ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ይሄማ የሱፍ ውሃ ነው! በጾም ፍትፍት ሠርቼ ሳበላሽ ‹ይሸተኛል› እያልሽ ለድመት የምትሰጪው!»

ልጅቷ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ስልኩን አራገብነው።

እርግጥ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ደሴም ውስጥ ስፖርት ቤት ደርሰው ሲመለሱ ቺያ የሚባል የውጭ ፍሬ በብርጭቆ ዘፍዝፈው የሚጠጡ ወጣቶች አሉ፤ ተልባ ሲቀርብላቸው ግን «የጨጓራ በሽተኛ ነኝ እንዴ?» ይላሉ። ከደጋው በጆንያ የሚወርደው ተልባ ከቅባቱ ግማሽ በላይ ኦሜጋ 3 ነው፤ በዚህ በኩል ሄምፕ አጠገቡ አትደርስም። በሙሉ ፍሬው የዋጠው ሰው ግን የሚያተርፈው የለም፤ ያልደቀቀ ተልባ እንደገባ ይወጣልና። ቆልተው፣ ወቅጠው፣ ነፍተው፣ በጨውና በሚጥሚጣ የሚበጠብጡት እናቶች ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አልጠበቁም። እንዲያውም ተልባ ወርቃማ ጽሑፍ ባለበት ማሰሮ ታሽጎ በውጭ ቋንቋ ስም ቢወጣለት ዋጋው በማግስቱ ሦስት እጥፍ ይሆን ነበር፤ ያኔ እኔም ለእንግዳ አቀርበው ነበር።

ቡናው አልቆ ሰው ሲበተን አዛውንቱ ወደ ኋላ ቀሩ። ግራ ቀኝ አይተው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ያቺ ፍሬ... እንዲያው ስንት ማንኪያ ቢወስዷት ነው ሞቅ የምታደርገው?»

«ጆንያ ሙሉ ቢበሉም ምንም አታደርግም፣ አባባ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ቀንበጥ ቀነጠሱና ጉንጫቸው ውስጥ ቦታ ፈለጉላት።

«ታዲያ ለምንም ነገር ብላ ነው ይህን ያህል ያስደነገጠችን?»