ስሙን የደበቀው መርከበኛ

ጎንደር ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ ጀምሬ የተውኩት መጽሐፍ ነበር። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለጉዊን በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው፣ ኧርዝሲ በሚባሉ ምናባዊ ደሴቶች መካከል በጀልባ ስለሚንከራተት ወጣት አስማተኛ የሚተርክ ልቦለድ ነው። ውጭ አገር ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። ባቡር ላይ ሁለት ገጽ፣ ምሳ ሰዓት አንድ ገጽ። ደሴቶቹ ተምታቱብኝ። ይባስ ብሎ ሰዉ ሁሉ ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የአደባባይ፣ አንዱ የምስጢር። ኤጭ ብዬ ከደንኩት።

አክስቴ ቤት በገባሁ በማግስቱ መብራት ጠፋ። ስልኬም ሞተ። መጽሐፌን ይዤ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ውጭ አገር መጽሐፍ የያዘን ሰው ማንም አይነካውም። እዚህ ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ያሳስባል።

«ምን ሆነሃል ልጄ?»

«ምንም፣ አክስቴ። እያነበብኩ ነው።»

«ለብቻህ? ለእኛም ንገረና!»

ቡናው እስኪፈላ ነገርኳት። ጌድ የሚባል ፍየል ጠባቂ ነው፤ እናቱ ሞታበታለች። የእናቱ እህት ፍየል የምትጠራበትን ቃል ሰምቶ ሲደግመው ፍየሎቹ መጥተው ከበቡት፤ አልለቅም አሉት። አክስቲቱ ያን ጊዜ ጉድ ብላ ታስተምረው ጀመር።

«ድሮስ ከአክስት ወዲያ ማን አለው!» አለች የኔዋ።

ሰው የሚጠራው «ጭልፊት» እያለ እንደሆነ፣ ጌድ የሚለውን ስም ጠላት ካወቀበት ግን እንደሚገዛው ነገርኳት። ይገርማታል ብዬ ነበር። «ታዲያ አንተስ የክርስትና ስምህን ለማንም እንዳትናገር እናትህ አልመከረችህም? መተት ይሠሩበታል ብላ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በ40 ቀኔ የወጣልኝን ስም የሚያውቁት ቤተሰቤና ቄሱ ናቸው። ውጭ አገር ደግሞ ቡና ቤት ገብቼ ስሜን ሲጠይቁኝ «ሳሚ» እላለሁ፤ ሳሚ አይደለሁም። መሥሪያ ቤት ደረቴ ላይ የሚንጠለጠለው ስሜም ግማሹ ተቆርጧል፤ ሙሉው ከበዳቸው። እዚያ ስም መጠሪያ ብቻ ሆኖብኝ፣ መጽሐፉ የሚጠነቀቅበትን ነገር የሕፃን ጨዋታ አደረግኩት።

የጌድ ጓደኛ ሲለያዩ የራሱን የምስጢር ስም ሹክ የሚለው ቦታ ስደርስ አክስቴ ሲኒውን ማጠብ አቆመች። «ነፍሱን እኮ ነው የሰጠው» አለች።

ባሕሩ ላይ ግን አልተስማማችም። የጎርጎራ ልጅ ናት፤ ጣና ዳር፣ የደንገል ታንኳ እያየች ያደገች። ጌድ ነፋስ ጠርቶ ሸራውን ሲነፋ ሳቀች። «የእኛ ሰው ነፋስ አያዝም፤ ይጠብቃል እንጂ።» ደግነቱ አስማት የሚያስተምሩት መምህራኑም ይህንኑ ያስጠነቅቁታል፤ አንድ ደሴት ላይ ዝናብ ብትጠራ ሌላው ጋ ድርቅ ልታመጣ ትችላለህ ይሉታል። ይህን ስነግራት መምህራኑን ወደደቻቸው።

ጸጥታ ነበር ማለቴ አይደለም። ጎረቤት ይገባል፣ እጣን ይጨሳል፣ ሦስተኛው ቡና ላይ የሰፈሩ ወሬ መጽሐፉን ይቀድመዋል። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ግን አንዴም ልተወው አላሰኘኝም፤ ማታ ማታ «የት ደረሰ?» የሚለኝ ሰው አለ።

መጨረሻው ላይ ጌድ በራሱ አስማት የለቀቀውንና አሁን የሚያሳድደውን ክፉ ጥላ በስሙ መጥራት አለበት። በሻማ እያነበብኩ ገጹን ልገልጥ ስል አክስቴ እጄን ያዘችኝና በማን ስም እንደሚጠራው ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም። ገለጥኩት፤ ልክ ነበረች።