በትርፍ ጊዜህ ትስላለህ

«ሥራው ግን ምንድን ነው?»

የጠየቀኝ የእህቴ ልጅ ነው። በቴሌግራም አንድ ፎቶ ልኬለት ነበር። ፎቶው ላይ ስድሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ጀርመናዊ አለ። ወለሉ ላይ በተነጠፈ ትልቅ ሸራ ላይ ቆሟል። በእጁ እንደ መጥረጊያ እንጨት የረዘመ ብሩሽ ይዟል። ጎንበስ ሳይል፣ ቆሞ፣ ደመና ይስላል። የቴአትር ቤት የመድረክ ሠዓሊ ነው።

«ይኸው፣ ደመና ይስላል» አልኩት።

«እሱማ ገባኝ አክስቴ። ለመኖሪያ ማለቴ ነው። በቀን ምን ይሠራል?»

ልጁ 18 ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ነው። እርሳስ ከእጁ ተለይቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ልጅ፣ ሰው ሥዕል ስሎ እንጀራ እንደሚበላ አያውቅም። ሥዕል ከሥራ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው ብሎ ያምናል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ያስተማርነው እኛው ነን። እኔም ራሴ ሁለት ዓመት ሳይሞላ «አንተ መጀመሪያ ማትሪኩን እለፍ፣ በትርፍ ጊዜህ ትስላለህ» ብዬዋለሁ።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አረጋውያንን በመንከባከብ ነው የምተዳደረው። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። እዚህ አገር በዚያ ዕድሜ ተማሪዎች ለሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት ወጥተው አንድ ሥራ ቦታ ይውላሉ። ፕራክቲኩም ይሉታል። ለተወሰኑ ጎበዞች የሚሰጥ ዕድል አይደለም፤ የትምህርቱ አካል ነው። ቦታውን ልጆቹ ራሳቸው ያፈላልጋሉ። ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ስልክ ይደውላሉ፣ እምቢ ይባላሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። ልጄም ሦስት ቦታ እምቢ ተብላ አራተኛው ላይ አንድ ቴአትር ቤት ሥዕል ክፍል ተቀበላት።

መጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ያ የፎቶው ሰውዬ ባልዲ ሲያሳጥባት ዋለ። ማታ እየመጣች አለቀሰች። እኔም በሆዴ «ሆስፒታል ብትገባ ይሻላት ነበር» ብያለሁ። በአራተኛው ቀን ስፖንጅ ሰጥቶ የድንጋይ ግንብ አሳላት። ማታ እስከ ክርኗ ቀለም ሆና መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ «እማዬ፣ ድንጋይ እኮ ግራጫ አይደለም። ሐምራዊ አለው፣ አረንጓዴ አለው፣ ትንሽ ሮዝም አለው። ከሩቅ ስታዪው ነው ግራጫ የሚሆነው» አለችኝ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ወደ ሥራ ስሄድ የባቡር ጣቢያውን ግንብ ቆሜ ማየት ጀመርኩ። እውነቷን ነው።

የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበር የገባው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጥርስ ሐኪም እሆናለሁ ይል ነበር። በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ «እኔ አልችለውም» ብሎ ወጣ። ቤተሰቡ አላዘነበትም። መምህሩም ጥሩ ነገር አወቅህ አለው። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። በ15 ዓመቱ፣ በሁለት ሳምንት፣ ያለ ምንም ኪሳራ አወቀው። አገራችን ውስጥ ስንት ሰው ነው ይህንኑ ነገር ዲግሪውን ተቀብሎ፣ ሥራ ይዞ፣ ሁለት ልጅ ወልዶ የሚያውቀው?

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የባሰ ነው። የመድረክ ሠዓሊውን ሙያውን የት እንደተማረ ጠየቅኩት። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። አውስቢልዱንግ ነው የተማረው። ሦስት ዓመት ነው፤ አብዛኛው ሥራ ቦታ ላይ፣ ቀሪው ክፍል ውስጥ፣ እየተማሩ ደመወዝ ይበላሉ። በመጨረሻም ፈተና አለው፣ የምስክር ወረቀት አለው። እንዲህ ሆነው በሕግ የታወቁ ሙያዎች ጀርመን ውስጥ ከ300 በላይ ናቸው። ወርቅ አንጥረኛ አለ። ቫዮሊን ሠሪ አለ። የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሠሪ አለ። አንዱን ግን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። የማስታወቂያ ሰሌዳና የመብራት ጽሑፍ ሠሪ። ሦስት ዓመት የሚፈጅ፣ ሰርተፊኬት ያለው ሙያ ነው። በእኛ ቋንቋ ታፔላ ጻፊ ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ የሚሠራው ያንን ነው። ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ያለ አንድ ጁስ ቤት ግድግዳውን ሳለለት። ፎቶውን ልኮልኛል። ለሁለት የተከፈለ አቮካዶ፣ ፍሬው መሐሉ ላይ፤ ጎኑ ማንጎ፤ ከላይ «ስፕሪስ» የሚል ጽሑፍ። እኔ የወደድኩት ፊደሉን ነው። የ«ፕ»ን ጭንቅላት ገለባ የተሰካበት ብርጭቆ አስመስሎታል። የ«ስ»ን እግር ወፍራም አድርጎ፣ ከታች ጁሱ የሚንጠባጠብ አድርጎ ስሎታል። ማንም አላስተማረውም። ቀለሙን ባለቤቱ ችሎ 1500 ብር ከፈለው። እናቱ «እግዜር ይስጠው፣ ደብተር ይገዛበታል» አለች። እንደ ሥራ አልተቆጠረለትም። እንደ ኪስ ገንዘብ ነው የተቆጠረለት።

እኛ አገር ልጅ ወደ ሙያ የሚሄደው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይመደባል። «ምደባ ወጣ?» ነው የምንባባለው። በአንድ ወቅት ሰባ ሠላሳ መጣ። ከዩኒቨርሲቲ ገቢው ሰባው እጅ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ሌላው። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል፣ እሱ አያከራክርም። ግን ስንቱ ልጅ ነው የሰባው ሒሳብ እንዲሞላ ብቻ ኢንጂነሪንግ የገባው? የእህቴ ልጅም ናቹራል ነው የገባው። ለምን ስለው «ጎበዝ ስለሆንኩ» ነው ያለኝ። ጎበዝ ናቹራል ይገባል፣ ደከም ያለው ሶሻል፣ የወደቀው ቴክኒክና ሙያ። ቴክኒክና ሙያ ገባ ሲባል ድምፃችን እንደ ለቅሶ ቤት ይወርዳል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽ ውጤት ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ልጆች ምን ይወዳሉ፣ እጃቸው ምን ይችላል ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም። የሁላችንም ወሬ ስንት ወደቀ የሚለው ነበር።

ሥዕልና የእጅ ሥራ አገራችን ውስጥ እንግዳ ነገር ሆኖ አይደለም እኮ። አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1947 ነው፤ እንደ ልጄ ገና ታዳጊ ነበሩ። እዚያ ሆነው ሥዕል ይበልጥብኛል አሉ፤ ሥዕል ተምረው ተመለሱ። ዛሬ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የእሳቸው ነው። እስቲ ያኔ «ማዕድኑን ጨርስና በትርፍ ጊዜህ ትስላለህ» የሚል አክስት ቢያገኙስ ኖሮ? ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላምም ቺካጎ ተምረው መጥተው አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከከፈቱ ስንት ዘመን ሆነው! ትምህርት ቤቱ አለ። ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የጠፋው ልጁን እጁን ይዞ እዚያ በር ድረስ የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው።

ዐፄ ምኒልክ እንኳ ከመቶ ዓመት በፊት ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ፣ ሸማኔውን ቁጢት በላ እያልን እንዳናዋርድ። አዋጁ ከወጣ ይኸው ልጅ ወልደን የልጅ ልጅ አየን። ስድቡ ቀርቶ ይሆናል። በእጁ ለሚሠራ ሰው ማዘን ግን አልቀረም።

ደግሞ ባሕር ተሻግረንም ይዘነው መጥተናል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ቡና ስንጠጣ ልጄ ፕራክቲኩም የት ገባች ተባልኩ። ቴአትር ቤት፣ ሥዕል ክፍል አልኩ። ጸጥ ሆነ። አንዷ ወዳጄ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «አይዞሽ፣ ሁለት ሳምንት አይደል፣ ያልፋል» አለችኝ። ሌላዋ ፋርማሲ የሚሠራ ዘመድ እንዳላትና ለሚቀጥለው እንደምታነጋግርልኝ ነገረችኝ። ክፋት የለባቸውም። ሌሊት እየሠሩ ነው ልጅ የሚያሳድጉት። ልጃቸው እንደነሱ እንዳይደክም ነው ጭንቀታቸው። እኔም እንደነሱ ነኝ። ግን እዚህ እየኖርን፣ በሩ ተከፍቶ እያየን፣ ልጆቻችንን በቤታችን ውስጥ ቁጭ ብለን እየመደብን ነው። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ፋርማሲስት። ያውም ያለ ፈተና።

ጀርመን ሁሉ ነገሯ ወርቅ ነው አላልኩም። እዚህም ምደባ አለ፣ ያውም በ10 ዓመት። አራተኛ ክፍል ሲጨርሱ አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው ጊምናዚየም ይሄዳል፣ ሌላው መካከለኛው ሬያልሹለ፣ ሌላው ቀለል ያለው ሀውፕትሹለ። የልጄ አስተማሪ ያኔ ጠርታኝ «ለእሷ ቀለል ያለው ይሻላታል፣ ቤት ውስጥ የሚረዳት የለም» አለችኝ። ውጤቷን እንኳ አላሳየችኝም። ቤት ውስጥ የሚረዳት የለም! እኔ ምኗ ሆኜ ነው እዚያ የተቀመጥኩት? ጀርመንኛዬ ተሰብሮ ነበርና የምመልሰው ጠፋኝ። ትራም ውስጥ ገብቼ ነው ያለቀስኩት። በምንኖርበት በሄሰን ክፍለ ሀገር የአስተማሪው ቃል ምክር ነው፣ ውሳኔው የወላጅ ነው። ይህንን የነገረኝ ትምህርት ቤቱ አይደለም፤ ጎረቤቴ የሆነች ቱርካዊት ናት። ጊምናዚየም አስገባኋት። እስከ ዛሬ ያቺን አስተማሪ መንገድ ላይ ሳያት ሆዴ ይቃጠላል። ስለዚህ የማያውቅ ወላጅ ልጁን እዚህም ይበሉበታል። እሱን ሳልናገር አላልፍም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብሎ ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም ሰውየውን ጠይቄዋለሁ። የቴአትር ቤቱ ቋሚ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዝ አለው፣ ዕረፍት አለው፣ ጡረታ አለው። ቋሚ ሥራ የሌላቸውስ አልኩት። በግሉ የሚሠራ ሠዓሊ፣ ሙዚቀኛ፣ ጸሐፊ የሚገባበት መድን ነገረኝ። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ከጥበብ ሥራው ከ3900 ዩሮ በላይ በዓመት የሚያገኝ ሰው ይመዘገባል። የጤናና የጡረታ መዋጮውን ግማሹን ብቻ ይከፍላል። የቀረውን ግማሽ መንግሥትና የጥበብ ሥራ የሚገዙ ድርጅቶች ይሸፍኑለታል። ሀብታም አያደርገውም። ጥርሱን ሲያመው ግን ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። አገራችን ውስጥ ስንት የምንወደው ድምፃዊና ተዋናይ ነው ሲታመም በቴሌቪዥን የሚለመንለት? ያንን እያየች ያደገች እናት ልጇን ሥዕል ተማር ብትለው ነበር የሚገርመኝ። እህቴን በዚህ አልፈርድባትም።

የምፈርደው ሌላ ላይ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የምርጫ ቅጹን አባቴ እንዲያየው ብዬ መጀመሪያ በእርሳስ ሞልቼ ነበር። አንደኛ ምርጫዬ ቴአትር ጥበባት ነበር። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ምንም አልተናገረኝም። ከወንድሜ ላጲስ ተቀብሎ በጥንቃቄ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ቀስ እያለ አጠፋውና በራሱ እስክሪብቶ «አካውንቲንግ» ብሎ ጻፈ። የእጅ ጽሑፉ በጣም ያምር ነበር። ይወደኝ ነበር። አካውንቲንግ ተማርኩ፣ አራት ዓመት ባንክ ሠራሁ፣ አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አልገባሁም። ከዚያ ስደት። አባቴ አርፏል፣ ነፍሱን ይማርና አልወቅሰውም። ያ ላጲስ ግን በእኔ እጅ ተላልፎ የእህቴ ልጅ ጋ ደርሶ ነበር።

ስለዚህ ትናንት እህቴ ጋ ደወልኩ። የአለ ትምህርት ቤት የራሱ የሥዕል ፈተና ስላለው ልጁ ሥራዎቹን ማዘጋጀት እንዲጀምር፣ ለወረቀትና ለቀለም እኔ እንደምልክ ነገርኳት። ተቆጣች።

«እትዬ፣ አንቺ ፈረንጅ አገር ሆነሽ ይቀልሻል። ልጁ ቢራብ እኔ ነኝ የማየው።»

አልተከራከርኳትም። ስለ ጁስ ቤቱ ፊደል ነገርኳት። በየቀኑ እያለፈችበት የብርጭቆውን ገለባ አላየችውም ነበር። ከዚያ ስለ ሰውየው ነገርኳት። ስለ ባልዲው፣ ስለ ድንጋዩ፣ ልጄ እስከ ክርኗ ቀለም ሆና ስለመጣችበት ማታ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከበስተጀርባ ሽንኩርት ሲቁላላ ይሰማኛል።

«ስንት ዓመት ሠራ አልሽኝ?»

«31 ዓመት።»

«ሥዕል ብቻ?»

«ሥዕል ብቻ።»

«ጡረታም አለው?»

«አለው።»

ድስቱን ስታወርድ ሰማኋት።

«እስቲ ፎቶውን ለእኔም ላኪልኝ» አለችኝ።