ክቡር ሂርባይ

በእንግሊዝኛ ማመልከቻ የሚጽፉ ወገኖቻችን ምስጋና ይድረሳቸው። እንግሊዞቹ ለውል፣ ለዐዋጅና ለኑዛዜ ብቻ ትተውት አቧራ ሲጠጣ የኖረውን «ሂርባይ» (hereby) አንስተው፣ አራግፈው፣ ለዓመት ፈቃድ መጠየቂያ አድርገውታል። ግርጌ ክብ ማኅተም፣ ከጎኑ ቲተር፣ መሀል ላይ ሂርባይ፤ እንዲህ የታጠቀ ደብዳቤ ማን ደፍሮ ይመልሳል? አሜሪካኖቹማ በ2010 እ.ኤ.አ. መሥሪያ ቤቶቻቸው ለሕዝብ በግልጽ ቋንቋ እንዲጽፉ ሕግ አወጡ። ደካሞች።

የዚህን ቃል ትርጉም መጠየቅ ድፍረት ቢሆንም፣ ለወጉ ያህል፦ «በዚሁ ቃሌ»፣ «በዚሁ ጽሑፍ» ማለት ነው። ሥራው ሲነገር እዚያው ለሚፈጸም ነገር ብቻ ነው፤ እሾማለሁ፣ አውጃለሁ፣ ሥራ እለቃለሁ። የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጆን ኦስቲን እንዲህ ያሉትን ግሦች ከሌሎቹ ለመለየት ይህችኑ ቃል መፈተኛ አድርጓታል። «ሂርባይ ሥራዬን እለቃለሁ» ያስኬዳል፤ «ሂርባይ ይርበኛል» አያስኬድም። ወገኖቻችን ግን በዚህ አይታሰሩም። «ሂርባይ የ5 ዓመት የሥራ ልምድ አለኝ» ብለው ይጽፋሉ፤ ልምዱ እዚያው ወረቀቱ ላይ፣ የፊርማው ቀለም ሳይደርቅ ተገኘ ማለት ነው። 5 ዓመት በአንድ መስመር! ቀጣሪ ከዚህ የፈጠነ ሠራተኛ ከየት ያመጣል?

ቤተ ዘመዶቹም አልተረሱም። አባሪ ላለው ደብዳቤ የተመደበው «ሂርዊዝ» ነው፤ «ከዚህ ጋር» ማለት ነው። የኛዎቹ ግን አባሪውን በሂርባይ ያያይዙታል፤ ስቴፕለር ለተወደደበት ቢሮ መቼም መልካም ነው። ሂርባይ ተቃራኒ የለውም። ተቃራኒ ያላቸው «ሂዘርቱ» እና «ሄንስፎርዝ» ናቸው፤ የመጀመሪያው «እስካሁን»፣ ሁለተኛው «ከእንግዲህ»። የማስጠንቀቂያ መልስ ሲጻፍ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጡና «ሂዘርቱ አላረፍድም» ይወጣል። እስካሁን አላረፍድም! አለቃውም መዝገቡን ገልጦ ያለፈውን ዓመት ይመለከታል።

የሂርባይ አቀማመጥ ቀላል ነው፤ በባለቤቱና በግሡ መካከል፣ ግሡም የአሁን ጊዜ። እዚህ ላይ ነው የኛ ሰው «ሂርባይ አፕላይድ» ብሎ የኃላፊ ጊዜ የሚጨምርበት። ጥፋቱ የአማርኛ ነው ለማለት እንኳ ያስደፍራል። ነጋሪት ጋዜጣን ግለጡ፤ የእንግሊዝኛው ዓምድ «ኢት ኢዝ ሂርባይ ፕሮክሌይምድ» ብሎ ሲያጅብ፣ አማርኛው «የሚከተለው ታውጇል» ብሎ ያልፋል። አማርኛ እንዲህ ያለውን ነገር ያለቀ አድርጎ ስለሚናገር ሂርባይ አያሻውም፤ ታውጇል፣ ተሹመዋል፣ ተሰናብተዋል። በዚያ ልማድ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ አመልካች ያለቀውን ግሥ ይዞ ይሻገራል፤ ደብዳቤውም በዚሁ ደብዳቤ ትናንት ያመለከተ ይሆናል።

ሂርባይ እንጀራ የሚያበላበት ቦታ የለም አይባልም። አንድ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ለዩኒቨርሲቲው የፈጠራ መብቱን «ለማስተላለፍ እስማማለሁ» ብሎ ፈርሞ ነበር። በኋላ ሴተስ ለተባለ ኩባንያ የፈረመው ወረቀት ግን «ሂርባይ አስተላልፋለሁ» የሚል ነበረበት። ጉዳዩ የኤችአይቪን መጠን መለኪያ ዘዴ ነው፤ ገንዘቡን አስቡት። የመጀመሪያው ወረቀት ወደፊት አስተላልፋለሁ የሚል ተስፋ፣ ሁለተኛው እዚያው የተፈጸመ ርክክብ ሆነ። በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ለሁለተኛው አደላ፤ በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዩኒቨርሲቲውን በድጋሚ ባዶ እጁን ሸኘው።

የኛ ጸሐፊዎች ግን ቃሉን ለእንዲህ ያለ ጥቃቅን ጉዳይ አያባክኑም፤ ለስብሰባ አዳራሽ ቁልፍ መጠየቂያ ያስፈልጋል።